የብርቱካን ቤዝ ጊታር

ሰኞ፣ ጥር 18

አይነዝርም አልኳት። ሦስት ጊዜ አልኳት። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ገመዱን እንደገና መታችው። «ጋሼ ፈንታ፣ እስቲ ይስሙት፣ ዝዝ ይላል» አለች። እኔ የሰማሁት ወፍራሙን፣ ደረት የሚመታውን ብቻ ነው። ጥሩ ድምፅ ነው። ሆዱ ዋንዛ፣ አንገቱ ወይራ። እንጨቱን አምስት ዓመት አድርቄዋለሁ። የፋብሪካ ዕቃ አይደለም።

ብርቱካን የዳባት ልጅ ናት። በሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ትመታለች። ጣቶቿ አጫጭር ናቸው፤ የፋብሪካው አልመች ስላላት ከእኔ አሠራች። አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ገመዶቹ ዝቅ ያሉ፣ ሲጫኗቸው የማያስቸግሩ ይሁኑልኝ አለች። እንደ ቃሏ አደረግሁላት። ከወሰደችው ሳምንት ሳይሞላው ዛሬ በሚኒባስ ተሸክማው ተመለሰች። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ «ቆርቆሮ ነው እንዴ የምትደበድቢው?» ብሏታል።

ተቆጣሁ። «አርባ ዓመት በገና ሠርቻለሁ። በገና ካልነዘረ ሙት ነው። ከየገመዱ ሥር ቁርበት እያስገባሁ የማስነዝረው እኔ ነኝ። አንቺ ስለ መንዘር ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ በገና አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

እሱስ አይደለም።

እሑድ ዳባት ሠርግ አለባቸው። የባንዱ አለቃ ቁርጡን ነግሯታል። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ከጎንደር የፋብሪካ ቤዝ ያለው ወንድ ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቦታው የሰውየው ነው። ይኼን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጊታሩን ትታልኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

መብራት እስከ ስድስት ሰዓት አልነበረም። ሲመጣ ስፒከሩ ላይ ሰካሁት። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እየተጫንኩ መታሁ። ምንም። ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጥፌ መታሁ። ምንም። ልጅቷ በባዶ ሜዳ ነው የደነገጠችው ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሐጅ ሰይድ መጣ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ነው፤ የሱን ሱቅና የኔን ሱቅ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ ሳንሰዳደብ የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው። በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ፈንታ፣ ያን ንብ ወይ ማሩን ቁረጥለት ወይ ልቀቀው። አናቴን በላው» አለኝ።

«የምን ንብ?»

«ከጊታርህ የሚወጣው ነዋ!»

ነገር ላስቀይር ብዬ «አንተስ የስፌት መኪናህ ተበላሽቶ ነው ሥራ ፈተህ የምትዞረው?» አልኩት።

ሳቀ። «ከማለዳ ጀምሮ የሙሽራ ሱሪ ስሰፋ ነው የዋልኩት። መኪናዬ እንደ እብድ ሲጮህ አልሰማህም?»

አልሰማሁም።

እሱ ገብቶ ሥራውን ሲጀምር ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እግሩ መርገጫውን ሲረግጥ ዱብ ዱብ ይላል። የመርፌዋ ጭርጭርታ ግን የለም። ጭራሽ የለም።

ከመቼ ጀምሮ ይሆን? ሚስቴ እናንዬ በሕይወት ሳለች «ስልክህ ጮኸ፣ ሰው በር ያንኳኳል፣ ወተቱ ገነፈለ» ትለኝ ነበር። ጭቅጭቅ እየመሰለኝ «ሰምቻለሁ!» እላታለሁ። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ለካ ስትሰማልኝ የኖረችው እሷ ናት። ይኼን ሁሉ እዚህ የምሞነጫጭረውም ለሷ የማወራው ስለቀረብኝ ነው። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ እንደ ዶሮ እግር ነው፤ ማንም አያየውም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጠዋት አቋራጭ ሞከርኩ። አንገቱ ላይ በተርታ የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ፍሬት ይሏቸዋል። ገመድ ሳይፈለግ እነሱን ከነካ ይነዝራል። ስለዚህ ገመዶቹ የሚያርፉበትን ብረት ከፍ አድርጌ ገመዱን ከፍሬቶቹ አራቅሁትና መታሁ። ሰይድ ከግድግዳው ወዲያ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። የሱን ጩኸት እንኳ ሰማሁ።

ግን ስጫነው ጣቴን ሊቆርጠው ደረሰ። የኔ ጣት ሲላግና ሲጠርብ የኖረ ነው። እኔን እንዲህ ካደረገኝ እሷ ያን ሁሉ ሰዓት የሠርግ ጭፈራ እንዴት ትችለዋለች? እንዲህ ከሆነ የሷ ጊታር አይደለም፣ የዚያ የጎንደሩ ሰውዬ ነው። መልሼ ዝቅ አድርጌ መታሁት። ሰይድ ወዲያው ግድግዳውን በጡጫ መታ።

የሚያስጨንቁኝ፤

ከፍሬቶቹ አንዳንዱ ከጓደኞቹ ከፍ ብሏል፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ድሮ በጆሮዬ ነበር የምለየው። ውሃ ልክ የሚያስቀምጥ ሠሪ ሳይ እስቅ ነበር።

ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። ሞረድ አይነሳም። አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው።

አምና የሠራኋቸው ክራሮች። አራት ናቸው። ቃኝቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በየትኛው ጆሮዬ?

ሰዎቹ አክብረውኝ ዝም ብለው እንደሆነስ?

ስለ ክራሮቹ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ማርያም

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህናቱ ለወረብ ቆሙ። ከበሮው ደረቴ ድረስ ገባ። ጸናጽሉን ግን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። እጃቸው ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው። አጠገቤ የቆመውን ሰው ፊት አየሁ። እሱ ይሰማል። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጉልበቱን አሞታል ብለው መቋሚያ አቀበሉኝ። ተቀበልኩ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ቤት ገብቼ የእጅ ባትሪዬን ከፈትኩ፤ በራ ጠፋ እያለ ካስቸገረኝ ሰንብቷል። ሽቦው ሲነካ አምፖሏ ትበራለች፣ ሲላቀቅ ትጠፋለች። እያነካካሁ ሳለ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ገመዱ ብረት ነው። ፍሬቱም ብረት ነው። አንዱን ሽቦ ገመዱ ላይ ባስር፣ ሌላውን ፍሬቱ ላይ ባስነካ፣ መነካካት የሌለባቸው ሲነካኩ አምፖሏ ትነግረኛለች። ጆሮ አያስፈልግም!

በዓል ነው። ሞረድ ካልነሳሁ ማየት ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን ፈታሁ። አንዱን ፍሬት ተጭኜ እመታለሁ፣ ሽቦውን ከፊቱ ወዳሉት አዞራለሁ። አምስተኛው ላይ ስጫን ስድስተኛው ላይ ብልጭ አለች። በከሰል ምልክት አደረግሁ። ወደ ታች ወረድኩ። ብልጭ። እንደገና ብልጭ። ሰባት ቦታ ሆነ።

ሰባት! እኔ ደግሞ ልጅቷን ሦስት ጊዜ አይነዝርም ብያታለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ከማለዳ ጀምሮ ሞረድ። ሁለት ጊዜ ማሸት፣ በአምፖሏ ማየት፤ ሁለት ጊዜ ማሸት፣ ማየት። እስከ ረፋድ አራቱ ተስተካከሉ። ዘጠነኛው ላይ ተናደድኩና ሞረዱን አበዛሁበት። እሱ ዝቅ ሲል ቀጣዩ ከፍ አለና አምፖሏ እዚያ ትበራ ጀመር። ነቅዬ በትርፍ ብረት ልተካው ስል ወይራው ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። በኮላና በእንጨት ዱቄት ሞላኋት። ታስታውቃለች። ድሮ ቢሆን አንገቱን ጥዬ ሌላ እጠርብ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አምፖሏ የትም ቦታ አልበራ አለች። ባትሪ ድንጋዩ ያለቀ መሰለኝ። ሁለቱን ሽቦ አነካካሁ። ቦግ አለች። እንግዲያው ገመዱ ነው መንካት ያቆመው።

ሰይድ ሱቁን ሲዘጋ ብቅ አለ። ያለ ስፒከር መታሁለት።

«ንቧ ሞተች እንዴ?»

«ሞተች።»

«አላህ ይማራት» ብሎ ሄደ።

ግን መብራት ቀኑን ሙሉ አልነበረም። ስፒከር ላይ ሌላ ነው፤ እዚያ ትንሿም ታድጋለች። የአምፖሏም ዓይን ቢሆን የማያየው ይኖራል።

አሁን የቀረው ልንገራት አልንገራት ነው። ብነግራት ዳባት ይሰማል፤ ዳባት ከሰማ እዚህ ደባርቅ ለመድረስ አያድርም። ጆሮው የማይሰማ ጊታር ሠሪ ይሉኛል። ባልነግራት «ሆኗል» ብዬ እሰጣታለሁ። ሰኞም እኮ ያልኳት እንዲሁ ነው። ሠርጉ መሃል ቢነዝርባትስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። መብራት ነበር። «ሆነ ጋሼ?» አለችኝ። «ሆኗል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። 

«ልጄ፣ እኔ አልሰማውም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዝዝታውን። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ሰኞ የጮህኩብሽም ሳልሰማ ነው። ሠርቼዋለሁ፣ አሁን አንቺ ፈትሺው። እንዳታከብሪኝ።»

ጊታሩን ተቀበለችኝ። ከዚያ ስፒከሩ ላይ ሰካችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ፊቷን እንዳላይ ይሁን ፊቴን እንዳታይ አላወቅሁም። ሃያውን ፍሬት በአራቱም ገመድ አንድ ሳታስቀር ሄደችበት። ላቤ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ደግማ መታች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ።»

አሥራ ሦስተኛው ነው። ለአምፖሏ አልታየም፣ ለሷ ተሰማት። ሞረዴን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እኔ አሻለሁ፣ እሷ ትመታለች። «ትንሽ ይቀራል... ትንሽ... በቃ! በቃ!» እጄን ያዘችኝ። የተሰነጠቀችውንም አሳየኋት። «እሷን ጣቴ ይሸፍናታል» አለች።

ልትወጣ ስትል «ሐኪም ቤት ሄደዋል? ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ እኮ አለ» አለችኝ።

«እሱ ለሽማግሌ ነው» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ጊታሩን አቅፋ ሄደች።

እሑድ፣ ጥር 24

ዛሬ ሠርጉ ነው። እኔ አልተጠራሁም፤ ቢጠሩኝም መንገዱን አላምነውም። ስልኩ ቢጮህ ስለማልሰማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መስታወቱን ሳይ ዋልኩ። አልበራም። ሽሮ ሠራሁ፣ ጨው በዛበት። አሁን ሙሽሮቹ ገብተው ይሆናል፤ አሁን ጭፈራው ተጀምሮ ይሆናል እያልኩ ሰዓት ቆጠርኩ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ስነሳ መልእክት ገብቷል። እየነጠልኩ አነበብኩት። «ጋሼ ደህና ነበር። የሐሙሱንም ሠርግ የምመታው እኔ ነኝ» ይላል።

ደህና ነበር አለች። ግሩም ነበር አላለችም። ስለ ዝዝታው አንድ ቃል የለም። አለቃው ግን ቦታዋን አልነጠቃትም። አራት ጊዜ አነበብኩት። አራት ጊዜም ያው ነው።

ረፋድ ላይ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር የወረደ የፓርክ ጠባቂ መጣ፤ ስካውት ይሏቸዋል። ክራር ፈልጎ ነው። ወንድሙ አምና ከኔ ወስዷል። «ከርስዎ እጅ ካልሆነ አልይዝም ብያለሁ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ቆይቷል። ለክራር ያዘጋጀሁት እንጨት ጥግ ላይ ቆሟል፤ እሱም አይቶታል።

«ክራር አልሠራም» አልኩት።

«ምነው አባቴ፣ አሞዎት ነው?»

«አላመመኝም። ክራር ድምፁ ቀጭን ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም።»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ጎንደር ያለ አንድ ሠሪ ጠቆምኩት። እጁ ከኔ ያንሳል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። «ወንድምህንም ክራሩን ይዞ ይምጣ በለው። ጎረቤቴ ያዳምጥልኛል፣ እኔ አስተካክላለሁ» አልኩት። እሺ አለ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሌሎቹን ሦስቱን ማን እንደሚያመጣቸው ደግሞ ጭራሽ አላውቅም።

ቅዳሜ ስናገረው ከብዶኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልከበደኝም። ስካውቱ ከሄደ በኋላ ግን የክራሩን እንጨት አንስቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት። ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዲውል አልፈለግሁም።