ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያለሽበት ይበርዳል ወይስ እንደ ከተማችን እንደ ሆሳዕና ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ዳምቦያ ቤታችን እስካሁን ሰው አልተለየውም። አከራያችን እትዬ ሃቢባም ሰላም ብላሻለች። ማለቴ በአፏ አላለችም። ትናንት ከዳምቦያ ስመለስ ሱቋን ትታ ወጣችና ቁልፉን እጄ ላይ አድርጋ፣ እጄን ሳትለቅ ብዙ ቆመች።

ደብዳቤ ጤና በመጠየቅ ይጀመራል ያልሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው የጠየቅሁሽ። ከቀበርንሽ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ግን ጠይቆ መጠበቅን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።

ስለዚያ ቀን ልጽፍልሽ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አንስተሽብኝ አታውቂም፤ እኔም አላነሳሁም።

መጀመሪያ ባዮሎጂ ልታስተምሪን ክፍላችን የገባሽ ቀን ዴስኮቹን ከረድፍ አስወጥተሽ አምስት አምስት ሆነን ፊት ለፊት እንድንቀመጥ አደረግሽ። "እኔ መሃል ከቆምኩ እናንተ የምታዩት እኔን ብቻ ነው" ብለሽ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥሽ። አሞጽ ወዲያው "ቲቸር፣ እኛ ካስተማርን ደሞዙን ለምን ለኛ አይሰጡንም?" አለ። "አንተ መጀመሪያ አስተምርና እንነጋገራለን" አልሽው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የማይወድሽ ልጅ አልነበረም።

ሕግሽ ሁለት ነበር። የቡድኑ አምስት ልጆች ትምህርቱን አምስት ቦታ ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ የራሱን አጥንቶ ለሌሎቹ ያስተምራል፤ አንዱ ካልተናገረ ማንም አይሞላለትም፣ ትምህርቱ ጎዶሎ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ተጠያቂው ዝም ካለ ሦስት ደቂቃ ይጠበቃል። አይሳቅም፣ ሹክ አይባልም። ሰዓትሽን ትመለከቺና ትጠብቂያለሽ። በመስከረም አፉን ከፍቶ የማያውቀው ጁነዲን በጥቅምት ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መናገር ጀምሮ ደወሉ እስኪደወል አላቆመም።

በኅዳር ዘዴሽን የሚገመግሙ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። የዕለቱ ትምህርት ያለ ዘር ስለሚራቡ ዕፅዋት ነበር። "መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ድንች ነው፤ እናንተ ያደጋችሁት በእንሰት ነው" ብለሽ ቅዳሜ ዳምቦያ ይዘሽኝ ሄድሽ። ከእማዬ ጓሮ አንድ አምቾ፣ የእንሰቱን ድቡልቡል ሥር፣ ከነአፈሩ ቆፈርን። እማዬ እየሳቀች "ይህን ሁሉ ተምራችሁ መጨረሻችሁ አምቾ መሸከም ሆነ?" አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ "ቲቸር፣ ይሄም ተማሪሽ ነው?" ሲልሽ፣ "ከሁሉም ጎበዙ እሱ ነው፣ አይረብሽም" አልሽው።

የእኔ ድርሻ የአምቾው መሃል ለምን እንደሚወጣ ማስረዳት ነበር። እማዬ በእጇ ቆርጣ አሳይታኛለች። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስወርተሽኛል። እንደ ስሜ ነበር የማውቀው።

በዚያ ጠዋት ቧንቧው ጋ አሞጽ "ዛሬማ የቤት ልጅ አለልን!" አለኝ። "እኛ ለእንግዳ ማሳመሪያ ነን፣ ተናጋሪው አንተ ነህ። ሪሞቱ እህትህ ጋ ነው፤ ስትጫነው ታወራለህ።" ጁነዲን "ተወው ባክህ" አለው፤ ሌሎቹ ግን ሳቁ። ሳልናገር ብቀር እንዳላስጠናሽኝ ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው። ሌላ ብፈልግ አላገኘሁም።

ከቡድኔ አራቱ ተናገሩ። ጁነዲን አምቾው ከየት ላይ እንደሚቆረጥ በእጁ ሲያሳይ ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ "መሃሉን ለምን እናወጣዋለን?" አልሽኝ። ሰዓትሽን ተመለከትሽ።

አንደኛው ደቂቃ አለፈ። በሁለተኛው አሞጽ በከንፈሩ ብቻ "ተናገር እንጂ" አለኝ፤ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ማንም አልሞላልኝም፤ ሕግሽን ያከበሩት ለእኔ ሲሆን ነው። አንቺ ልትረጂኝ ትችዪ ነበር። አላደረግሽም፤ ልክ ጁነዲንን እንደጠበቅሽው ጠበቅሽኝ፣ ልናገር እንደምችል እያወቅሽ። ሦስተኛው ሲያልቅ "እሺ፣ ይቆየን" አልሽ።

እንግዶቹ "ዘዴው ተማሪውን አያሳትፍም፤ ጊዜ ያባክናል" ብለው ጻፉ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ "ሦስት ደቂቃ ይረዝማል፣ አይደል?" ብለሽ ራሴን ዳበስሽኝ።

በየካቲት በዚያ ግምገማ የተነሳ ዴስኮቹ ወደ ረድፋቸው ተመለሱ፤ አንቺም መምህር ጎድሎበታል ወደተባለው ሞርሲቶ ተዛወርሽ። እዚያ ቤት ተከራዪ ሲሉሽ "ወንድሜ ብቻውን አያድርም" ብለሽ በየቀኑ በሚኒባስ ተመላለስሽ። ከዚያ የሚያዝያ ዝናብ መጣ። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ የተንሸራተተው ወደ ቤት ስትመለሺ ነው።

ድንኳን ውስጥ እማዬ "ልጄን ሞርሲቶ ምን ወሰዳት?" እያለች ትጠይቅ ነበር። አንዱ "ቢሮው ያዛውራል፣ ምን ይደረጋል" አላት። ሌላዋ "ራሷ ጠይቃ ነው የሄደችው" አለች። ለካ እንደዚያ ብለሽ ነግረሻቸው ኖሯል። እማዬ ግን ወደ እኔ ዞረች። "አንተ አብረሃት ነበርክ፤ ምን ወሰዳት ልጄ?" ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ከሦስት ደቂቃም በላይ ሳይሆን አይቀርም የጠበቀችኝ። ጋቢዋን አስተካከልኩላት።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ከዕቃሽ ጋር የሰጡንን ሰዓትሽን አሰርኩ፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። እትዬ ሃቢባ ዳቦ ይዛ "ብላና ሂድ" ብትለኝ በኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም። ዴስኮቹን አንድ በአንድ ከረድፍ አውጥቼ እንደ ድሮው ፊት ለፊት አደረግኋቸው። የኔ ቦታ ላይ ቆምኩ። በአንቺ ድምፅ "መሃሉን ለምን እናወጣዋለን?" ብዬ ሰዓቱን ተመለከትኩ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ "መሃሉ ካልወጣ አንድ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ሲወጣ ግን በዙሪያው ብዙ..." አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ወደ መስኮቱ አየሁ፤ ከሥሩ ባዶ ወንበር ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ የልጆች ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩና ዴስኮቹን እየጎተትኩ ወደ ረድፋቸው መለስኳቸው። የመጨረሻውን እንደያዝኩ አዲሱ የባዮሎጂ መምህር፣ መምህር ዕንባቆም፣ ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ረድፉን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከቱና "ጎበዝ! ማንም ሳያዝህ አስተካከልከው። እህትህ ብታይህ ደስ ይላት ነበር" አሉኝ።

የምመልሰውን ሊሰሙ ቆመው ጠበቁኝ። ዴስኩን ከፊተኛው ጋር ትክክል አደረግኩና ተቀመጥኩ።

ጌታ ካለሽበት ብርሃኑን አያጉድልብሽ። ለእማዬም ብርታት ይስጣት፤ አንቺ የያዝሽልኝን ምስጢር የሚነግራት አፍ ለእኔ ይስጠኝ።

ሦስት ደቂቃ የጠበቅሽው
ወንድምሽ