ቆሜ ስላየሁት ፊልም፦ ለሲኒማ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሲኒማ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ አዲሱ የድምፅ ማጉያዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ የሰማሁት ፍንዳታ ግራ ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ባያባራም፣ ጆሮ የተሰጠን ሁለት ስለሆነ አያሳስብም።

ይህ ደግሞ ማን ነው እንዳይሉኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ፊልም የተማርኩት ነገር የለም። ባለቤቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ቤት መዋል ስላልሆነልኝ ሐሙስ ሐሙስ የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም እመለከታለሁ። ልጆቼ አልቅስና ይውጣልህ ይሉኛል፤ እንባው አልመጣም፣ ሌላውም አልመጣም። ምንም የማይሰማው ሰው አያዳላምና ለፍርድ የምመች ተመልካች ነኝ ብዬ አምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከምስጋናው ልጀምር።

አንደኛ፣ ብዙ ገንዘብ ስለፈሰሰባቸው የድብድብና የተኩስ ፊልሞች አመሰግናለሁ። የባለፈው ሳምንቱ ጀግና አሥራ አራት ጥይት ሲመታ ቆጥሬለታለሁ፤ ከዘጠነኛ ፎቅም ዘሎ ጃኬቱን አራግፎ መንገዱን ቀጥሏል፤ ዕድሜ ይስጠው። በሙያዬ ቅር ያሰኘኝ ግን፣ የሕንፃው ቧንቧ ሁሉ በጥይት ተበሳስቶ ውኃው ደረጃ ለደረጃ ሲወርድ፣ ያን ሁሉ መሣሪያ ከታጠቀው ሰው መካከል አንድ እንኳ ጎንበስ ብሎ ዋናውን መዝጊያ የሚዘጋ አለመገኘቱ ነው። ዓለም ድናለች፤ ምድር ቤት የሚኖሩት ሰዎች ፍራሽ ግን ረጥቧል፤ ስለ እነሱ ማንም አላነሣም።

ሁለተኛ፣ ከዋናው ፊልም በፊት ስለሚያሳዩን የተማሪዎች ፊልሞች። ልጆቹ መስኮት ይወዳሉ። አንድ ሰው መስኮት ሥር ቆሞ ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ያያል፤ የሚያየውን ግን ለእኛ አያሳዩንም። የሚንጠባጠብ ቧንቧም ይወዳሉ፤ አንዷ ተማሪ ብቸኝነት ማለት ነው ብላ አስረድታኛለች፤ እኔ ላስቲኩ አልቋል ባይ ነኝ። ተዋናዮቹ የሚሉት አይሰማም፤ ጥርት ብሎ የሚሰማው የጎረቤት ውሻ ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፣ በእነሱ ፊልም ውስጥ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ ከሞተም አይነሣም። ይህን ጠባያቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ሦስተኛው የደንቡ ጉዳይ ነው። በአዳራሹ በር ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ መሠረት የተማሪዎች ፊልም የሚታየው ተመልካቹ ገብቶ ተቀምጦ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። እኛ ደንበኞቹ ባትሪ ብለን የምንጠራው አስተናባሪዎ የመጨረሻው ሰው ወንበሩን መያዙን ሲያይ ወደ ማሽን ክፍሉ የእጅ ባትሪውን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ የተማሪው ፊልም የደረሰበት ላይ ይቆረጥና ተኩሱ ይጀመራል። ሁለት ዓመት ለፍተው የሠሩት ነገር ሰው ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ ማቆያ መሆኑን ወጣቶቹ ገና በማለዳው እንዲያውቁት በማድረግዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለቤቴ በአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። ከመታመሟ በፊት አንዲት ተማሪ እዚያ መጥታ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም ሠርታለች፤ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ባለቤቴ ካውያውን አስቀምጣ ዞር ትልና አንድ ነገር ትናገራለች። ምን እንዳለች አላውቅም። ተማሪዋን ብጠይቃት፣ ስለ እርስዎ ነው፣ እኔ በይ ሳልላት ከራሷ የተናገረችው ነው፣ ስለዚህ ከእሷው ይስሙት አለችኝ። የልጅቷ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ቅጂው የቀረው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼም ነበር፤ ጸሐፊዎ በመልካም ፈገግታ፣ አንድ ጊዜ አዳራሹ የገባ ቅጂ እንደማይወጣና እንደማንኛውም ሰው ከመጋረጃው ላይ ማየት እንደምችል ነግረውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ፊልሙ የተመደበለት አራት ሐሙስ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ሕዝቡ በአራት ደቂቃ ተቀምጦ አለቀ። በሁለተኛው ዝናብ ጥሎ ሰው ስለዘገየ ሰባት ደቂቃ ደረስን። በሦስተኛው፣ ማለትም ባለፈው ሳምንት፣ ነገሩ ገባኝና አልተቀመጥኩም።

የማንንም ዓይን እንዳልጋርድ ከኋላ ረድፍ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ባትሪ ሦስት ጊዜ እየመጣ፣ አባባ ይቀመጡ እንጂ፣ አለኝ፤ ወገቤን ነው ልጄ፣ አልኩት። አጠገቤ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዲት ሴት ብቻ፣ ተዉአቸው፣ ሽማግሌ አይደሉ እንዴ፣ አለችልኝ። ስምንተኛው ደቂቃ አለፈ። የካውያው እንፋሎት መጣ፤ ከእንፋሎቱ ውስጥ እሷ መጣች፤ ሻሿ እንደ ወትሮው ወደ ግራ ዘሟል። ካውያውን አስቀመጠች። ዞር ብላ ቀጥታ እኔን አየችኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ስምንት ወር ሙሉ ምንም ያልተሰማኝ ሰው ሳላስበው ተቀመጥኩ። በአዳራሹ ቆሞ የቀረ የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ። አፏን ስትከፍት ባትሪ ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ፤ ከዚያ አንድ መኪና ተገለባበጠ።

በባትሪ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። በእርስዎም አልፈርድም፤ ደንብ አውጡ ቢባሉ አውጥተዋል። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቀሪው ሐሙስ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቆዩ ቅጂዎች እንደሚጠፉ ጸሐፊዎ አስረድተውኛል። ሁለት ደቂቃ እንዲጨምሩልኝ መጠየቅ ድፍረት መስሎ ስለታየኝ አልጠይቅም።

የአዳራሽዎ ወንበሮች ይህን ያህል ምቹ ሆነው ሰውን ቶሎ የሚያስቀምጡ በመሆናቸው ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና በመካከል የማይቆረጥ ጤና እየተመኘሁ፣

ታዛዥ ተመልካችዎ፣
የልብስ ተኳሿ ባል

የተረሳ ነገር፦ የባለቤቴ ወንድም፣ ማለት አማቼ፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ፊልም አይወድም፣ መቀመጥም አይችልበትም፤ በእህቱ ለቅሶ እንኳ ሦስቱንም ቀን ቆሞ ነው የዋለው። የፊታችን ሐሙስ ትኬት ገዝቶ ከኋላ ረድፍ ይቆማል። ባትሪ እንዳይደክም አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ የምሰማው አለኝ።