ሰብለ የጠየቀችኝ

ለልጄ ለሰብለ፣ ባለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። እኛ አረካ በጌታ ምሕረት ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ በቆሎው አምሯል። ስልክሽ ግን አልገባ አለኝ፤ ኔትወርኩ ይሆናል።

ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ፣ «አባዬ፣ እኔ እግዚአብሔር አለ ብዬ አላምንም። አንተ ለምን እንደምታምን ግን መስማት እፈልጋለሁ» አልሽኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ሰዓት ሙሉ አነበብኩልሽ። «ጥቅሱን አውቀዋለሁ፤ የጠየቅኩህ ስለ አንተ ነው» ስትዪኝ ተቆጣሁ። በማግስቱ ሄድሽ።

አርባ ዓመት ወንጌላዊ ሆኜ ሳገለግል እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናትሽ ዱቦ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ጸለይኩ፤ አልዳነችም። ከቀብሩ በኋላ ሰው ፊት እየሰበክሁ ለብቻዬ መጸለይ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ጎደሬ ስኮተኩት እሷ የምትወደው መዝሙር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አለቀስኩ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩም ተሰማኝ። ያለኝ ይኸው ነው። ማስረጃ አይሆንሽም፤ ግን ያኔ ይህን ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ለጊፋታ በዓል መኪና ይጠፋልና ቀኑን ብታሳውቂኝ ሶዶ መነኻሪያ ሄጄ እቀበልሻለሁ። አንቺም ለምን እንደማታምኚ ትነግሪኛለሽ፤ አልቆጣም።

ጌታ ይጠብቅሽ። ይህን ስልሽ ቅር አይበልሽ፤ ሌላ ምርቃት አላውቅም።

አባትሽ ደገፉ