ድልድዩ ላይ የቀረው ፈረስ

ለምወድህ ወንድሜ ለመልካሙ፦

የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ዝናሽ፣ ልጃችሁ አንዱአምላክ ደህና ናቸው? እኛ ከነብስጭታችን ደህና ነን፤ ባለቤቴ ሕይወትም ልጄ ትሕትናም፣ ተመስገን፣ አልታመሙብኝም። የእብናት መንገድ ግን በጸጥታው ችግር እንደተዘጋ ነው። ይህን ደብዳቤ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ባልደረባዬ ይወስድልኛል፤ ወደ እናታችን የሚሄድ መኪና ግን የለም።

በሰው እጅ የላክህልኝ የኮምፒውተር ጨዋታ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤትህ የሠራው ስለሆነ ሳላለዝብ ልንገርህ፤ አፍሬበታለሁ። በጨዋታው የምመራው መልእክተኛ የሚጋልበው ፈረስ ጋማ ፀጉሩ አንድ በአንድ ተሥሏል፤ ዝናቡ ግን ጣሪያውን አልፎ ቤት ውስጥ ይዘንባል። ገበያተኛው አፉን ሳይከፍት ያወራል። መልእክተኛው ድልድዩ መሃል ሲደርስ ፈረሱ እስከ ሆዱ ድንጋዩ ውስጥ ይሰምጣል። በቃ፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። እንደ አዲስ ብጀምርም እዚያው ነው። ማስተካከያው ከኢንተርኔት ይወርዳል ብለኸኛል። ከየትኛው ኢንተርኔት? ድሮ በሲዲ የሚመጣው ጨዋታ ሥዕሉ ደብዛዛ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያጫውት ነበር። የዛሬዎቹ መጀመሪያ ይሸጣሉ፣ ከዚያ ይጠገናሉ። እኔ ግንባታ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቆርቆሮ ያልተመታበት ቤት አስረክቦ «ጣሪያውን በኋላ እልካለሁ» የሚል ተቋራጭ ቢመጣብኝ በሬን አላስረግጠውም።

ሕይወት «ሃምሳ ካለፈህ በኋላ ፈረስ አማረህ?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ለሚመላለስ ሰው ኬላ የሌለበት ሜዳ እሱ ብቻ ነበር።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እናታችን እኔን ናፍቃ «አስናቀን ካላየሁ» ብላ እህል አልቀምስ ካለች ሰንብታ ነበር። ያለፈው ሳምንት እሑድ ስልክ ሲከፈት እኅታችን ፈንታነሽ ከእብናት ደወለችና «ጋሼ፣ ምን ላይ ነህ?» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር እየተጣላሁ ነበርና በንዴት «ድልድዩ ላይ ተይዤ ቀረሁ፤ መሻገሪያ የለኝም!» አልኳት። ጨዋታ መሆኑን ሳልነግራት መስመሩ ተቋረጠ።

ከቀናት በኋላ ስትደውል «ስለ ማርያም፣ አሁንም እዚያው ነህ?» አለችኝ። ለካ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ላይ የያዘኝ መስሏቸዋል። እናታችን «ልጄ ተነሥቶልኛል» ብላ አጥሚት ቀምሳለች፤ በደወሉበት ዕለትማ እንጀራ በልታለች። ስልኩን ተቀብላ «አይዞህ የኔ ልጅ፤ ውኃው እስኪጎድል ጠብቅ፣ እንዳትደፍረው። ማርያም ድልድዩን ታሻግርሃለች፤ ጃንጥላ ተስያለሁ» አለችኝ። ሰውን ሁሉ የምቆጣው እኔ «እሺ እናቴ፣ እጠብቃለሁ» አልኩ።

እውነቱን ብነግራት እህሉን ትተወዋለች። ልሂድ ብልም አልሆነም፤ ትናንት በእግሬ ተነሥቼ ጋፋትን ሳልፍ ኬላ ላይ መለሱኝ። ስትደውልላት አደራህን፣ አስናቀ መንገድ ላይ ነው በላት።

ዝናሽን ሰላም በልልኝ፤ አንዱአምላክን ጉንጩን ሳምልኝ። ሕይወትና ትሕትና እጅ ይነሣሉ። ለአለቆችህም ሰላምታዬን አድርስና ይህን ንገርልኝ፦ የጣሪያው ዝናብ ይቆይ፣ የገበያተኛውም አፍ ይቆይ፤ ድልድዩን ግን ቶሎ አስተካክሉት። የእናቴ ስለት አለበት።

ወንድምህ አስናቀ
ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.