እጅህ የገጠመው በር

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለላፋኤሌ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? ሚስትህ ኤሲታስ፣ ልጆቹስ? የኦክላንድ ብርድ አልበረታባችሁም? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። እማዬም አለች። አለች የምለው አስቤ ነውና ቀስ ብለህ አንብበኝ።

በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ነው። ወድቃ ታመመች አልኩህ እንጂ እንዴት እንደሆነ አልነገርኩህም፤ አንተ ስልክ ላይ ቁጣ ይቀናሃል።

ያን ዕለት የታሮ ሥር ልሸጥ ገበያ ስሄድ ለገና መጥተህ በአባዬ ቤት ፋንታ ይህን ባለ ግድግዳ ቤት ስትሠራልን ካስተማርከኝ አንዱንም አልዘነጋሁም። መስኮቶቹን አየሁ፣ የካሜራው መብራት መብራቱን አረጋገጥኩ፣ ያንን ከውስጥም ያለ ቁልፍ አይከፈትም ብለህ የኮራህበትን በር ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። እማዬ ተኝታ ነበር። እንደወጣሁ ከአልጋ ስትነሳ ወድቃ እስከ ቀትር ወለሉ ላይ ቆየች።

ጋሽ ቫኦጋ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው ቤታችንን ሲያዩ የኖሩት፣ ሲቃ የሰሙ መስሏቸው መጡ። በሩ ዝግ ነው። እኛ ዘንድ በጠራራ ፀሐይ ቤቱን የሚዘጋ ሰው ተቀይሟል ማለት ነው። «ልጁ ግድግዳ አቆመ፤ እንግዲህ አይፈልጉንም። የተዘጋ ቤት አንኳኩቼ ሰው አላሳፍርም» ብለው ተመለሱ። ደግሞ መጡ፣ ደግሞ ተመለሱ። ሦስት ጊዜ።

«አንድ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ በራችን ላይ ያንዣብባል፣ ሌባ ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ሂጂ» ብለህ የደወልክልኝ እሳቸውን አይተህ ነው። ካሜራህ አልዋሸም፤ ግን ዓይኑ ወደ መንገድ ነው፣ ወደ እማዬ የሚያይ አልነበረም። ይህንንም ልንገርህ፣ እንዳትጸጸት፦ ባትደውል ኖሮ እስከ ማታ አልመለስም ነበር።

አባዬ በሠራው ቤት ምን ነበረን? ዙሪያውን ምሰሶ፣ ዝናብ ሲመጣ የምናወርደው የኮኮናት ቅጠል መጋረጃ፣ ወለሉ ላይ የባሕር ጠጠር። ጠጠሩን ሳያንኮሻኩሽ የሚገባ ድመት እንኳ አልነበረም። ለማታ ጸሎት ቀንዱ ተነፍቶ መንደሩ ሲከተት አንተ እየዳህክ ልታመልጥ ስትል ጠጠሩ ሲያሳብቅብህ ትዝ ይልሃል? አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ መዝሙሩንም ሳያቋርጥ እግርህን ለቀም ያደርግህ ነበር። ናፈቀኝ፣ ወንድሜ። ተኝቼ ባሕሩን ማየት፣ በሳሉ ብቻ ጎረቤቱን መለየት ናፈቀኝ። አላፊ አግዳሚውን «ና፣ እንብላ» ማለት ናፈቀኝ፤ አሁን ማን እንዳለፈም አላይ።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት ጎህ ሲቀድ በሩን ብከፍት፣ ጋሽ ቫኦጋ ደጃፋችን ላይ መሬት ተቀምጠዋል። የቤተሰባቸውን ምርጥ ምንጣፍ ራሳቸው ላይ ደርበው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው። ጥፋታቸው ሰምተው አለመግባታቸው ነው። እኔ አለቀስኩ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ይቅር ብለናል፤ ምንጣፉን ከራሳቸው አንሺላቸው፣ ሻይም ስጪያቸው። የሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ልጄም ቢሆን ስለሚወደኝ ነው» አለች።

የመንደሩ ጎረምሶች በሩን እንንቀለው ብለው መጥተው ነበር፤ አልፈቀደችም። «የልጄን ስጦታ የሰው እጅ አውጥቶ ቢጥለው መሳቂያ ይሆንብኛል። የገጠመው እሱ ነው፤ መጥቶ እሱ ይንቀለው» ብላለች። እስከዚያ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደግፈንበታል። ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ የተሰበረው ዳሌዋ በዚህ ዕድሜ አይጠገንም፣ ብዙም አትቆይም አለኝ። እሷ አታውቅም፤ ወይም ታውቃለች። መፍቻህን ያዝና ና።

ኤሲታን ሳምልኝ። ታቪታን በትምህርቱ ይበርታ በለው፤ ትንሿን ፊሊን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። ጋሽ ቫኦጋ «ሌባ ስላለኝ አልተቀየምኩም በይው» ብለዋል። እማዬ አጠገቤ ናት፤ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» ትለኛለች። ደህና ነን ብዬ ነው አልኳት።

እህትህ ታሊታ

ሳቫይኢ ደሴት፣ ሳሞአ
ጁላይ 9 ቀን 2019