ከመዝጊያው ሰዓት አራት ደቂቃ ቀድመው የገቡት ዶክተር ፖሊ ኮንኪን

ከላርችፎርድ ሆስፒታል የሐኪሞች ማኅበር ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለሸለቆው ነዋሪዎች በሙሉ የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

የማኅበራችን መሥራችና የረጅም ጊዜ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ፖሊ ኮንኪን ባደረባቸው የቆሽት ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ረቡዕ ኖቬምበር 6 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት ዐርፈዋል። ማኅበሩ በእኚህ ታላቅ ሐኪም ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።

ሐዘናችን ጥልቅ ቢሆንም አንገታችንን የደፋን አይደለንም። ይህን መግለጫ ለማርቀቅ የተቀመጡት የኮሚቴ አባላት ከማልቀስ ይልቅ ሲስቁ እንደዋሉ ቃለ ጉባኤው ራሱ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ መግለጫ ከሚፈቅደው በላይ የዶክተር ፖሊን ንግግር እንዳለ ያስገባነውም ስለዚህ ነው። የተናገሩትን አሳምረን ብንጽፍ እሳቸውን መዋሸት ይሆንብናል።

ዶክተር ፖሊ በ1960 ከላርችፎርድ ወንዝ ማዶ ባለችው መንደር፣ መሣሪያ አንነካም ብለው ከሩሲያ ከተሰደዱ የዱኾቦር ክርስቲያኖች ቤተሰብ ተወለዱ። ቫንኩቨር ሕክምና ተምረው በ1989 ሲመለሱ “ሁለት ዓመት ሠርቼ እሄዳለሁ” ብለው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሠሩ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ 1,140 ሕፃናት አዋልደዋል፤ ከእነዚያ ሁለቱ ዛሬ በሆስፒታላችን ነርሶች ናቸው። ሰመመን ሰጥተዋል፣ በመጋዝ የተቆረጠ ጣት ሰፍተዋል፣ ጎርፍ ድልድዩን በወሰደ ጊዜም በጀልባ ተሻግረው ሕመምተኛ ጎብኝተዋል።

በ2015 የበረዶ ወራት ከአራቱ ሐኪሞቻችን ሁለቱ በድካም ለቀቁ። ሐኪም ካልተገኘ በሚቀጥለው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ የድንገተኛ ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤ ከጤና ባለሥልጣኑ ደረሰን። ቅርብ የሚባለው ሌላ ሆስፒታል በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል፤ መንገዱም የበረዶ ናዳ በወረደ ቁጥር ይቆለፋል። የደብዳቤውን ትርጉም የሸለቆው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር።

ዶክተር ፖሊ ያኔ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ነበሩ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ድንገተኛ ክፍሉ በር ካልሆነ በቀር ሮጠው አያውቁም። ይሁን እንጂ በየሴፕቴምበሩ በሸለቆአችን በኩል የሚያልፈውን፣ በየቀኑ አንድ ‘በር’ የሚባል የተራራ ማለፊያ እያቋረጠ ስድስት ቀን የሚፈጀውን የስድስቱ በሮች የተራራ ሩጫ ከድንኳን ሆነው ያገለግሉ ነበርና፣ የሯጮቹን የቆሰለ እግር ሲያክሙ ከአሥሩ ሦስቱ ሐኪሞች መሆናቸውን ልብ ብለዋል። በዲሴምበር በተደረገው የቦርድ ስብሰባ ላይም የቅጥር ማስታወቂያው እንዲህ ተብሎ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ፦ “ሐኪም እንፈልጋለን። ተራራው ከሆስፒታሉ በር ይጀምራል። የስድስቱን በሮች ከእኛ ጋር የሚለማመድ ይምጣ።”

የወቅቱ የቦርድ ሰብሳቢ “ፖሊ፣ እኛ የቸገረን ሐኪም ነው እንጂ ሯጭ አይደለም እኮ” አሏቸው።

“ሐኪሙንማ አሥር ዓመት ጠራችሁት፣ አልመጣም” ሲሉ መለሱ። “እስቲ አንድ ጊዜ ሯጩን ልጥራው። ሐኪምነቱን የት ይጥለዋል? ይዞት ይመጣል።”

“አንቺስ ትሮጫለሽ?”

“እማራለኋ!”

በማርች 2016፣ ማስታወቂያው በወጣ በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ የዛሬዋ ዋና ሐኪማችን ዶክተር ጉርሊን ዳሊዋል በአንድ ሻንጣና በሦስት ጥንድ የሩጫ ጫማ መጡ። የድንገተኛ ክፍሉ አልተዘጋም። ከዚያን ጊዜ ወዲህም አንድ ቅዳሜ ተዘግቶ አያውቅም።

ልምምዱ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌው የማዕድን መንገድ ይካሄድ ነበር። ደንቡን ያወጡት ዶክተር ፖሊ ናቸው፦ ከተረኝነት የወጣ ሐኪም ሳይተኛ አይሮጥም፤ ማንም ብቻውን ተራራ አይወጣም፤ ቁጥቋጦ በበዛበት ሁሉ ድቡ እንዲሰማ ጮክ ተብሎ ይወራል። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ወደ ትምህርት ቤት ቀየሩት። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጠረውን ሐኪም እየጠበቁ “በናዳ ተቀብሮ ለወጣ ሰው መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ጮክ በል፣ ድቡም ይማር!” ይሉ ነበር። ከእኛ መካከል የዳገቱን ጥያቄ ፈርተው አቋራጭ የገቡ አሉ፤ ስማቸውን ኮሚቴው ይዞታል።

በሴፕቴምበር 2017 አራት ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ በቡድን ተሰለፉ። በቡድን ደንብ መሠረት እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መሮጥ አለበት። በየትኛውም ቀን ከተሰለፉት አንዱ ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ ከገባ ግን ቡድኑ በሙሉ ይሰረዛል። ዶክተር ፖሊ በሁለተኛው ቀን ሃምሳ ደቂቃ ዘግይተው ገቡ፤ ቡድኑም ተሰረዘ። ሦስቱ ባልደረቦች ምን እንበላቸው ብለው ሲጨነቁ፣ እሳቸው ከአፈሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው “ምን ታዩኛላችሁ? ከውድድሩ ወጣሁ እንጂ ከተራራው አልወጣሁም። ማክሰኞ እንገናኝ” አሏቸው።

በሴፕቴምበር 2019 በአራተኛው ቀን የሆነውን ዶክተር ኤቲየን ጋኞን ራሳቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ዶክተር ኤቲየን ከኬቤክ የአንድ ወር ምትክ ሐኪም ሆነው መጥተው ነበር፤ በዚያ ቀን ከሯጮች ሁሉ ሦስተኛ ነበሩ። ከአራተኛው በር በታች፣ ልቅ ድንጋይ በሞላበት ቁልቁለት፣ አይሪስ ቶርቫልድሰን የተባሉ የሌላ ቡድን ሯጭ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ወድቀው አገኟቸው። ዶክተር ፖሊን ጨምሮ ከኋላ የመጡት አራቱ ባልደረቦቻቸውም ደረሱ። ደመናው ወርዶ ነበርና ሄሊኮፕተር ሊያርፍ አልቻለም። በመራመጃ በትሮችና በዝናብ ካፖርቶች ቃሬዛ ሲሠሩ ዶክተር ኤቲየን ሰዓታቸውን አይተው “ዶክተር፣ አራታችሁ አትበቁም? እኔ ብቀጥልስ?” ሲሉ ጠየቁ።

ዶክተር ፖሊ የሕመምተኛዋን እግር ስበው እንደያዙ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ “ሂድ፣ አልቀየምህም” አሉ። “ግን መሄድህን ለእኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ።”

ዶክተር ኤቲየን የውድድር ቁጥራቸውን ከደረታቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና የቃሬዛውን የፊት እጀታ ያዙ። አምስቱ ሐኪሞች ሕመምተኛዋን ሰባት ኪሎ ሜትር ተሸክመው፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ አምቡላንስ ከሚቆምበት መንገድ አደረሱ። ቡድኑ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰረዘ። ወይዘሮ አይሪስ ዛሬ በሁለት እግራቸው ይሄዳሉ። ዶክተር ኤቲየንም የአንድ ወሩን ውል ሲጨርሱ ለቦርዱ ያስገቡት ማመልከቻ ባለ አንድ መስመር ነበር፦ “ልቆይ?”

በወረርሽኙ ሁለት ዓመታት ውድድር አልነበረም። ዶክተር ፖሊ ልምምዱን ወደ ሆስፒታሉ መውጫና መውረጃ ደረጃዎች አዛወሩት። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈለግንም፤ ማንም ሐኪም እንዳልለቀቀ ብቻ እናስመዘግባለን።

በፌብሩዋሪ 2024፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጫማችንን እያሰርን ሳለ ዶክተር ፖሊ ነገሩን። “ቆሽቴ ነው። ጉበቴም ላይ ደርሷል። ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። አሁን ተነሡ፣ ብርድ ሳይመታን።” በዚያ ጠዋት ዳገቱ ላይ ድቡን የሚያባርር ወሬ አልነበረም። እሳቸው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው “እንዴ! ዝም ብላችሁ ልታስበሉኝ ነው? ካንሰሩ ቀድሞ ያዘኝ እኮ፣ ለድብ የሚተርፍ የለኝም” ብለው አሳቁን።

በጁን የቡድኑ ምዝገባ ሲደርስ ስማቸው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ያኔ ሐኪሞቻችን ዘጠኝ ደርሰው ነበር። ስምንቱ ወጣትና ብርቱ ስለሆኑ፣ ያለ እሳቸው ውድድሩን መጨረሳቸው የማያጠራጥር ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ግን ሦስተኛው መሰረዝ የሚቀር አይመስልም ነበር። “ለእኔ ብላችሁ ስድስት ቀን ሙሉ የሮጣችሁትን አታቃጥሉ” አሉ። በስብሰባው ክፍል ጥግ የተቀመጡት ባለቤታቸው አቶ ዋልተር፣ የማኅበሩ አባል ባይሆኑም፣ እጃቸውን አወጡ።

“ሰርዙኝ ስትል አትስሟት። ትናንት ያንን ጫማ ሦስት ጊዜ ስትፈታና ስታስር አይቻታለሁ።”

“አንተ ዝም በል፣ ድምፅ የለህም” አሉ ዶክተር ፖሊ።

“ድምፅ ባይኖረኝ ዓይን አለኝ።”

ድምፅ ተሰጠ። ስማቸው እንዳይሰረዝ ስምንት ለአንድ ተወሰነ፤ የተቃወሙት ራሳቸው ብቻ ነበሩ። በስድስተኛው ቀን፣ አጭር በተባለው የአሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ እንዲሰለፉ ተመደቡ።

ከሴፕቴምበር 9 ቀን ጀምሮ ባለው ሳምንት ዘጠኙም የላርችፎርድ ሐኪሞች ተራራ ላይ ነበሩ። የድንገተኛ ክፍላችንን የሸፈኑት ከጎረቤት ሸለቆ በፈቃዳቸው የመጡ አራት ሐኪሞች ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምትክ ሐኪም ለአንድ ቀን ብንለምን የሚመጣልን አልነበረም። ማኅበሩ ለአራቱም በዚህ አጋጣሚ ምስጋናውን ያቀርባል።

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 14 ቀን ውድድሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። የመዝጊያው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዶክተር ፖሊ ዳገቱን በእርምጃ ወጡ፤ ስድስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው። ስምንታችንም ከኋላቸው በዝምታ ስንከተል ዞረው አዩንና ተቆጡ፦

“ምንድነው ይሄ? የቀብር ሰልፍ አስመሰላችሁት እኮ! አልሞትኩም ገና። ሂዱ ከፊቴ፣ ግቡ!”

ሰባቱ ታዘው ሄዱ። ዶክተር ጉርሊን ግን “ደንቡ ማንም ብቻውን አይወጣም ይላል፤ ያወጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት” ብለው ቀሩ።

ከመጨረሻው ወንዝ ሲደርሱ ዶክተር ፖሊ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይዘው “ስንት ቀረን?” አሉ።

“ሁለት ኪሎ ሜትር። ሃያ ደቂቃ።”

“ሕመሙ ከባድ ነው፣ ጉርሊን።”

“እናቁም፣ ዶክተር? ማንም አይቀየምዎትም። እኔ አልቀየምዎትም።”

እጃቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። ከዚያም ቀና ብለው “ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው። ልጅ ተወልዶበታል” አሉና ሮጡ። ዶክተር ጉርሊን እንደሚመሰክሩት ሩጫው ሩጫ ለመባል የሚበቃ ነበር። በቢጫው የላርች ዛፎች ጫካ መካከል፣ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ የመጨረሻውን ሜዳ አንድም ጊዜ ሳይቆሙ አቋረጡ። ከመስመሩ ላይ ሰባቱ ባልደረቦች፣ አቶ ዋልተር፣ ልጃቸው ታንያና አያታቸውን በሩሲያኛ “ባባ! ባባ!” እያሉ እየጠሩ የሚዘሉ ሁለት የልጅ ልጆች ይጠብቁ ነበር። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶት መስመሩን አለፉ። ዳኛዋ “የላርችፎርድ ሐኪሞች፣ ቡድኑ ሙሉ!” ብላ በድምፅ ማጉያ ስትጮህ ከሜዳው የተነሣውን ጩኸት በጽሑፍ ልናስቀምጠው አንችልም።

ዶክተር ፖሊ ግን ከጩኸቱ መካከል የጠየቁት “ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?” ብለው ነበር።

“ሁለት ሐኪም አለ፤ ሁሉም ሰላም ነው” አሏቸው ዶክተር ኤቲየን።

“እንግዲያው ልቀመጥ” አሉ፤ ሳሩ ላይም ተቀመጡ። አቶ ዋልተር ቦርሽች የተባለውን የቀይ ሥር ሾርባ ቀዱላቸው፤ ሁለት ማንኪያ ጠጡ። በዕለቱ ከአሥራ አራት ቡድኖች አሥራ አንደኛ ወጣን። የውጤቱ ወረቀት ዛሬ በሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ አንደኛ የወጣው ቡድን ይህን ያህል የተደሰተ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ኖሩ። ሕመማቸውን ያስታገሡት ራሳቸው ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች ናቸው፤ ቤታቸው ሲሄዱም አንድ በአንድ ፈትነዋቸዋል፣ አብዛኞቹም አልፈዋል።

የስንብት ሥርዓቱ ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በመንደራቸው የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ በዱኾቦር ልማድ ዳቦ፣ ጨውና ውኃ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ፊት፣ በመዘምራኑ መዝሙር ይፈጸማል። በዕለቱ ሆስፒታሉ መደበኛ አገልግሎቱን ይሰጣል።

የዶክተር ፖሊ ሕመምተኞች ለነበራችሁ 1,300 ሰዎች ማኅበሩ በተለይ የሚያሳውቀው አለ። በገጠር አንድ ሐኪም ሲሞት ሕመምተኞቹ ለዓመታት ሐኪም አልባ ሆነው መቅረታቸው የተለመደ ነው። ዶክተር ፖሊ ኦክቶበር 29 ቀን በአልጋቸው ላይ ሆነው የአሥረኛዋን ሐኪማችንን የዶክተር ኢንግሪድ ማካሊስተርን የቅጥር ደብዳቤ ፈርመዋል። የስማችሁን ዝርዝርም፣ ማን ምን እንደሚፈራና ማን መድኃኒቱን እንደማይውጥ በእጃቸው ከዳር ጽፈው አስረክበዋቸዋል። ዶክተር ኢንግሪድ ሰኞ ኖቬምበር 11 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይቀበሏችኋል። ቀጠሯችሁ እንደነበረ ነው፤ የተሰረዘ የለም።

ማኅበሩ ለአቶ ዋልተር ኮንኪን፣ ለልጃቸው ለታንያ፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ለተወለዳችሁ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

የላርችፎርድ ሆስፒታል የሐኪሞች ማኅበር
ኖቬምበር 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.
ላርችፎርድ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ