ከእንሰቱ ስር የበቀለው ገብስ

መጋቢት 20፣ ጠዋት

ከብት አስወጣሁ። የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ እንደ ልማዴ ጓሮ ደፋሁ። ደብተሬ፣ ዛሬ ልንገርሽ። ውኃውን የምደፋው ለእንሰቱ አይደለም። ከእንሰቱ ስር ላለው ወፍ ዘራሽ ገብስ ነው። ባለቤቴ አማረች የመጨረሻ ገብሷን የወቃችው እዚያ ነበር። ከቀበርናት በኋላ የረገፈው ፍሬ በቀለ። እኔ አልዘራሁትም። ግን አልነቀልኩትም። ያፈራል፣ ይረግፋል፣ ደግሞ ይበቅላል። ሰው ሁሉ ጓሮው በደረቀበት በጋ የእኔ ለምለም ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የልማት ሠራተኛችን ብርቱካን አምና ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናግራለች። ክሽክሽ የምትባለው የገብስ ተባይ በጋውን የምትከርመው ወፍ ዘራሽ ላይ ነው፤ የበልጉ ገብስ ሲበቅል ክንፍ አውጥታ ትሻገራለች፤ ያለው ያጥፋ። አንድ በአንድ ጠየቀችን። የለኝም አልኩ። የቤ/ክ ሽማግሌ ሆኜ። በዚያው በልግ የጎረቤቴን የኤርካሎን ገብስ ክሽክሽ ጨረሰችው። ዝም አልኩ።

መጋቢት 23፣ ከሰዓት

ዝናቡ ከጠፋ ሰነበተ። ኤርካሎ በአጥር በኩል ጠራኝ። ገብሱ ገና ስንዝር ቢሆን ነው። የዳሩ ቅጠል ነጭ መስመር አውጥቶ ተጠቅልሏል። ፈታሁት። ክሽክሽ ውስጡ ተደርድራለች፤ አረንጓዴ፣ ከሰሊጥ ያነሰች።

ዘንድሮም ከተበላበት እስከ በቆሎ እሸት ቤቱ የሚቀመስ የለም። አምና ልጆቹን ቦኖሻ ከተማ ያለችው እህቱ ዘንድ ልኮ ነው የከረመው። ነገ ሆሳዕና ከተማ ሄጄ መድኃኒት አመጣለሁ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እረጫለሁ ይላል። ብርቱካን ትየው፣ አንድ ቀን ታገስ አልኩት።

"አንተ ምን አለብህ፣ ድንች ተክለህ። ክሽክሽም ሽማግሌ ታከብራለች" አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ።

መጋቢት 24

ብርቱካን በሞተር መጣች። ማሳውን ወዲህ ወዲያ እያቋረጠች፣ እየቆመች፣ ቅጠል እየገለበጠች አየች። መሃሉ ንጹሕ። የተያዘው በእኔ በኩል ያለው ዳር ብቻ። አትርጩ አለች። መድኃኒቱ የተጠቀለለው ውስጥ አይገባም፤ ክሽክሿን የምትበላልንን ጥንዚዛ ነው የሚፈጀው። የተያዘውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ የቀረውን በየቀኑ እዩ።

ግን ከየት መጣች? ብላ ጠየቀች። አጥሬን አየች። እኔ ሰማይ አየሁ።

መጋቢት 27

ድል ነው፣ ደብተሬ። እኔና ኤርካሎ ዳሩን ነቅለን ነቅለን ጨረስን። በከረጢት፣ ወደ ጉድጓድ፣ አፈር በላይ። ወገቤ አልቋል። ልቤ ግን እንደ ጎረምሳ። ዛሬ ጥንዚዛዋም መጣች፤ ቀይ፣ ጥቁር ነጥብ ያላት። ክሽክሿን እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች። ኤርካሎ ተንበርክኮ "ብይ እትዬ፣ በሞቴ ብይ" እያለ ይለምናታል። እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር?

መጋቢት 28፣ እሁድ

ኤርካሎ ጉባኤ መሃል ተነስቶ ወደ እኔ እያመለከተ እግ/ር በወንድሜ በማቴዎስ ዓይን ማሳዬን ጠበቀልኝ አለ። እልልታው ጣራውን ነቀነቀው። ፓስተሩ በሚመጣው እሁድ ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። አፌ እኮ እሺ ማለት ይወዳል።

ሚስትን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ግን ጌታ ሆይ፣ ለሞተችው ብዬ ያጠጣሁት ገብስ የሕያዋን ልጆችን ጉርሻ ከነጠቀ፣ ፍቅር ነው ወይስ ጣዖት? መልሱን አውቀዋለሁ። ማወቅ አይደለም የጎደለኝ።

ሚያዝያ 1፣ ከሰዓት

ዘነበ። እንዴት ያለ ዝናብ! በዳሩ እንደገና ብቅ ብላ የነበረችውን ክሽክሽ ጠራርጎ ወሰዳት። ኤርካሎ ዝናቡ ላይ ቆሞ በሃዲይኛ ዘመረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተረፍን አለ። ተመስገን።

ጓሮ ገባሁ። የእንሰቱ ቅጠል እንደ ጣራ ነው፤ ስሩ ጠብታ አልነካውም። አንድ ቅጠል ፈታሁ። ሞልታለች። ክንፍ ያወጡም አሉ። እኔ ያስጠለልኳቸው።

ሚያዝያ 3

ኤርካሎ ማሳ ደርሼ መጣሁ። ጥቂት ባለ ክንፍ፣ ዳሩ ላይ። ብርቱካን ያስተማረችውን ሁሉ አደረግን፤ ምንጩ ግን እኔ ቤት ነው። ነገ እነግረዋለሁ። ከጉባኤው በፊት እሱ ይስማ። የተጎዳው እሱ ነው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ኤርካሎን ጠርቼ ከእንሰቱ ስር አቆምኩት። አምናም ከዚህ ነው፣ አውቅ ነበር፣ የለኝም ብዬ ዋሸሁ አልኩት። የአማረችንም ነገርኩት።

ከገብሱ አንድ ቅጠል ገለበጠ። "አምና ልጆቼን ወደ እህቴ ስልካቸው እስከ መኪናው ሸኝተኸኛል" አለ።

ሸኝቼሃለሁ።

"ትንሿን ያዘልካት አንተ ነህ።"

አዎ።

ወጣ። ሄደ ብዬ መንቀል ጀመርኩ። ይሂድ፣ መብቱ ነው። ግማሹን ስደርስ ከረጢት ይዞ ተመለሰ። አፉን ከፍቶ ያዘልኝ። አላየኝም። እየነቀልኩ ከተትኩ፤ ሥሩን፣ አፈሩን፣ ሁሉን። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲወርድ ተሰማኝ። ነገ ለጉባኤውም እንደዚሁ እናገራለሁ። አልፈራሁም።

አንዲት ሥር ቀረች። ኤርካሎ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሷን ለማስታወሻ ተዋት። ቅጠሏን እኔ በየቀኑ አይልሃለሁ" አለ።

አንዲቷም ለክሽክሽ ትበቃለች አልኩት። አማረች ገብስ ስትወቃ የምትዘምረውን መዝሙር አነሳሁ። እየዘመርኩ ነቀልኳት። ኤርካሎ ከረጢቱን እንደያዘ መዝሙሩን ተቀበለኝ።